ከግሉኮሱ ክንድ የተቀዳ ደም

ቅናቴ ከእኔ ጋር ያደገ ነው። አብሮኝ ፊደል ቆጥሯል፣ አብሮኝ ተመርቋል፣ ሥራ ይዤ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ስወርድም አብሮኝ ወርዷል። በሁሉም ሰው ላይ አይነሳብኝም። ጎረቤቴ አዲስ ሶፋ ብታስገባ፣ ባልደረባዬ ዕድገት ብታገኝ፣ እሰይ ብዬ አልፋለሁ። የሚነሳብኝ በአንዲት ሰው ብቻ ነው፣ በታናሽ እህቴ።

አባታችን ጨንቻ ላይ ሸማኔ ነው። እኔ በላቦራቶሪ ሙያ ስመረቅ ነጠላ ሠራልኝ፤ ጥለቱ ሁለት ጣት ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ እህቴ መምህርት ሆና ስትመረቅ ለእሷም ሠራላት። ሰው ሁሉ ምግብ ላይ ሳለ ጓዳ ገብቼ ነጠላዋን አነሳሁና ጥለቱን በጣቴ ለካሁት። አራት ጣት ከግማሽ! አላመንኩም፣ ደግሜ ለካሁ፣ ያው ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው "ያንቺ ጥለት ምነው ቀጠነ?" ሲለኝ፣ "እኔ ቀጭን ነው የምወደው፣ ሰፊ ጥለት የሙሽራ ይመስላል" እላለሁ። ውሸቴን ነው። ሰፊ ነው የምወደው።

እናታችን ካረፈች ወዲህ የአባቴን የደም ግፊት ኪኒን በየወሩ ሽቅብ ጨንቻ ድረስ የማደርሰው እኔ ነኝ። ያንን ዳገት መኪናው እያቃሰተ ይወጣዋል፣ እኔም ጆሮዬ እየተደፈነ፣ እየበረደኝ እደርሳለሁ። አባቴ ከሽመናው ጉድጓድ ሳይወጣ ቀና ይልና "መጣሽ?" ይለኛል፣ መወርወሪያውን መልሶ ይወረውራል። በቃ። እህቴ ደግሞ ከሐዋሳ በዓመት አንዴ፣ ለመስቀል ትመጣለች። ያን ጊዜ ሽመናው ይቆማል። አባቴ ፊቱን ታጥቦ፣ ጋቢውን ለብሶ፣ መንገድ ዳር ወጥቶ ይጠብቃታል። እኔ ከኋላው ቆሜ፣ ያንን ጋቢ ያጠብኩት እኔ መሆኔን እያሰብኩ፣ አብሬው እጠብቃታለሁ።

ያመመው እኔ ቤት ነው። ለምርመራ ብሎ ወርዶ ሰነበተ፤ ሙቀቱን እያማረረ፣ ግን ሙዝና ማንጎውን እየወደደው። አንድ ቀን ጠዋት በረንዳ ላይ ፊቱን ሲታጠብ ጆጉ ከእጁ ወደቀ። ወጥቼ ሳየው አፉ ወደ ግራ ተጣሟል፣ ቀኝ እጁ ተንጠልጥሏል። "አባ!" አልኩት። ዓይኑን ብቻ ወደ እኔ አዞረ። ከጎረቤቴ ጋር ደግፈን ባጃጅ ውስጥ አስገባነውና እኔው የምሠራበት ሆስፒታል አደረስነው። ሲቲ ስካን ተነሳ። ስትሮክ ነው ተባለ።

ባልደረቦቼ "የአባትሽን ደም እኛ እንሥራልሽ፣ አንቺ አጠገቡ ሁኚ" አሉኝ። ምን ሲደረግ! የአባቴን ደም ከእኔ በቀር ማንም አይነካውም አልኩ። አሁን ሳስበው ያም ቅናት ነበር።

ስትሮክ ሲመታ ሰውነት እሳት እንደተነሳበት ሰፈር ይሆናል፤ ሁሉም ተጯጩሆ ይወጣል። ነጭ የደም ሴሎች ይበዛሉ፣ ሲአርፒ የምንለው የብግነት ምልክት ከፍ ይላል፣ ስኳር የሌለበት ሰው እንኳ ስኳሩ ይጨምራል። ጉዳቱ ሲከብድ ቁጥሩም አብዛኛውን ጊዜ ይከብዳል። ደም ብቻውን አይፈርድም፤ ሐኪሙ መጀመሪያ በሽተኛውን ያያል፣ ፎቶውን ያያል፣ ከዚያ ነው ደሙን የሚጠይቀው። ግን ቁጥሩ ከቀን ወደ ቀን እየወጣ ከሄደ፣ ወይ የአንጎሉ ጉዳት ከባድ ነው፣ ወይ ሳንባው ላይ ሌላ ነገር ተጨምሯል ማለት ነው። የአባቴ የመጀመሪያ ቀን ደም ከፍ ያለ ነበር። ዶክተሩ ወረቀቱን አይቶ "ከነገ ወዲያ እንድገመውና ወዴት እንደሚሄድ እንይ" አለኝ።

እህቴ በማግስቱ ደረሰች። እኔ አንድ ቀን ሙሉ አፉን ስጠርግ፣ አንሶላውን ስቀይር፣ ሳገላብጠው ውያለሁ። የቆምኩት ሁልጊዜ በቀኙ በኩል ነው፤ የማይንቀሳቀሰው እጁ እዚያ ነው፣ ግሉኮሱም የተተከለው እዚያው ክንድ ላይ ነው። ግሉኮስ የምለው እንደ ሰዉ አጠራር ነው እንጂ የጨው ውሃ ነው። እሷ እያለቀሰች ገባችና ባዶ በርጩማ ያገኘችው በግራው በኩል ስለሆነ እዚያ ተቀመጠች። እጇን መዳፉ ውስጥ አደረገች። አባቴ ጭብጥ አደረጋት!

"ውይ! ልጁን አወቃት!" አለች የጎን አልጋ አስታማሚ። ክፍሉ በሙሉ እልል ሊል ምንም አልቀረው። ጽዳቷ ሳትቀር መወልወያዋን ትታ መጥታ አየች። እኔ ቆሻሻውን አንሶላ በብብቴ እንደያዝኩ በቀኙ በኩል ቆሜ ነበር። ሞት አፋፍ ላይም ሆኖ እሷን! አልኩ በሆዴ። ያን ቀን እጇን አለቀቃትም። ምሳ ሲቀርብላት በግራ እጇ ስትበላ ሳያት እንኳ ቀናሁ።

ከሰዓት በኋላ የአባቴ ታላቅ ወንድም ከጨንቻ ወረዱ። አጎቴ ትንሽ የሚናገሩ፣ የአገር ሽማግሌ ናቸው። አባቴን ግንባሩን ሳሙትና እኔንና እህቴን በየተራ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ሥር ጠሩን። እህቴ ስትጠራ እጇን ከአባቴ ጣቶች አንድ በአንድ ፈልቅቃ ነው የወጣችው፤ ያንን አላየሁም፣ ኋላ ነው የነገረችኝ። እኛ ጋሞዎች ጎሜ የምንለው አለ፤ ያልተነገረ በደል፣ የተደበቀ ቂም ቤት ውስጥ ካለ በሽታ ሆኖ ይወጣል፣ በሽተኛውም እስኪነገር ድረስ አይነሳም። አጎቴ የጠየቁኝ ይህንኑ ነው።

"ልጄ፣ በልብሽ የያዝሽው ነገር አለ? ከእህትሽ ጋር እንዴት ናችሁ?"

"ምንም የለም፣ ሰላም ነን" አልኳቸው። ሳይንስ የተማርኩ ነኝ፣ ነጭ የደም ሴል በቂም አይበዛም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። አጎቴ ትንሽ አዩኝና "ይሁን" አሉ።

ከዚያ ወደ ዶክተሩ ሄደው "ወንድሜን ወደ ቤቱ ልውሰደው፣ በአገሩ አየር ይሻለዋል፣ እዚህ ሙቀቱ ይገድለዋል" አሉት። ዶክተሩ በትዕግሥት ሰማቸው። "ነገ ጠዋት ደሙን እንድገመው፣ አባቴ። ቁጥሩ ከወረደና እኔም ሳየው ደህና ከሆነ ክትትሉን ነግሬያችሁ ትወስዱታላችሁ። ከወጣ ግን የትም አይሄድም" አላቸው። አጎቴ ተስማሙ። እህቴ "ጨንቻ ከገባ እኔም ሰኞ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ" አለች። ይህን ስሰማ ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ሲደሰት ተሰማኝ። እሷ ትሄዳለች፣ እኔ በየሳምንቱ እወጣለሁ፣ ያ ግራ እጅ የእኔ ይሆናል። እንዲህ ብዬ ነው ያሰብኩት፣ ምን ልደብቅ።

በማግስቱ ጠዋት መርፌና ቱቦዬን ይዤ ገባሁ። ግሉኮሱ በቀኝ እጁ ይወርዳል፣ በግራው ደግሞ እህቴ አለች፤ እጇ መዳፉ ውስጥ ነው፣ ራሷን አልጋው ጠርዝ ላይ አስደግፋለች። ደም ከግሉኮሱ ክንድ አይቀዳም። ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ እዚያ ሆስፒታል ውስጥ የለም። የውሃው መስመር ባለበት ክንድ ከላይ ከቀዳህ ደሙ ቀጥኖ ይመጣል፣ ቁጥሩ ሁሉ ወርዶ ይነበባል። ስንት ነርስ በዚህ ጉዳይ አስለቅሻለሁ! "ይህ ደም ነው ውሃ? ተቀባይነት የለውም፣ መልሺ!" እያልኩ ስንት ቱቦ መልሻለሁ።

ማድረግ የነበረብኝ አንድ ነገር ነው። "እህቴ፣ እጁን አንዴ ልቀቂልኝ" ማለት። አፌ ላይ መጣ፣ አልወጣ አለኝ። እሷን ልለምን? የአባቴን እጅ ለመንካት ከእሷ ፈቃድ ልጠይቅ? ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። በቀኙ በኩል ዞርኩ፣ ክንዱን ከግሉኮሱ በላይ አሰርኩ፣ ከክርኑ ላይ ቀዳሁ። ደሙ ቶሎ መጣ። እህቴ ቀና ብላ "ደህና ነው?" አለችኝ። "ደህና ነው" ብያት ወጣሁ።

ላቦራቶሪ ገብቼ ቱቦውን ማሽኑ ውስጥ አስገባሁ። ውጤቱ ወጣ። ነጭ የደም ሴሉ ወርዷል፣ እንዲያውም መሃል ላይ ነው። የመጀመሪያው ሐሳቤ ተመስገን የሚል ነበር። ሁለተኛው ሐሳቤ ዓይኔን ወደ ታች ወሰደው። የቀይ ደሙ መጠን፣ ሄሞግሎቢኑም ወርዷል፣ እጅግ ወርዷል። ደም የሚያረጋው ፕሌትሌቱም እንዲሁ። ያ የጨንቻ ደጋ ሰው፣ ከትናንት በስቲያ ደሙ ወፍራም የነበረ፣ ሳይደማና ሳይቆረጥ በሁለት ቀን እንዴት እንዲህ ይሆናል? ሁሉም በአንድ ላይ አይወርድም። ውሃ ነው። የቀዳሁት ውሃ ነው።

ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ሥራ በዝቶበታል፣ እኔን ያምነኛል። ነጩን ሴል አይቶ "እሰይ፣ ወረደ" ሊል ይችላል። አጎቴ መኪና ተነጋግረዋል። እህቴ ቦርሳዋን አዘጋጅታለች። እኔ ዝም ካልኩ አባቴ ከምሳ በፊት ዳገቱን ይወጣል። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም፤ አንዲት ባልደረባዬ "ውጤቱ ደህና ነው?" ስትለኝ ወረቀቱን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ቁጥሩ በእውነት እየወጣ ከሆነስ? ያ መንገድ፣ ያ ብርድ፣ እላይ ደርሶ ቢብስበት መልሶ የሚያወርደው ማን ነው? አባቴን ልገድለው ነው፤ ለአንድ እጅ ብዬ።

ተነሳሁ። የናሙና መመለሻ መዝገቡን አወጣሁ። በገዛ እጄ ጽሑፍ "ከግሉኮስ ክንድ የተቀዳ፣ ተቀባይነት የለውም" ብዬ ጻፍኩ። ቀጂ በሚለው ቦታ የራሴን ስም ሞላሁ።

ስመለስ ሁሉም አልጋው ዙሪያ ነበሩ። አጎቴ የአባቴን ጫማ በፌስታል ይዘው ቆመዋል። ዶክተሩ "እህት፣ ውጤቱ ደረሰ?" አለኝ። "አልደረሰም" አልኩት። "የወሰድኩት ደም አይሆንም። ከግሉኮሱ በላይ ነው የቀዳሁት።"

ዶክተሩ ግራ ገባው። "አንቺ?" አለ።

"እኔ። ግራ እጁን እሷ ይዛዋለች፣ ልቀቂ ልላት አልፈለግኩም። ቀንቼባት ነው።" አንዴ ከወጣ መመለሻ የለውም። ወደ አጎቴ ዞርኩ። "ትናንት የዋሸሁዎት እሱን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እቀናባታለሁ። አባቴ እሷን እንጂ እኔን አይወደኝም።"

አጎቴ ጫማውን መሬት ላይ አስቀመጡ። እህቴ አፏን ከፍታ አየችኝ። ይሄኔ ታለቅሳለች፣ ወይም ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

"እትዬ ሙች፣ እኔ መቼ ያዝኩት!" አለች። "እሱ ነው የያዘኝ! ከንጋት ጀምሮ ሽንቴ ወጥሮኛል፣ ልነሳ ስል ያጠብቃል፣ ልነሳ ስል ያጠብቃል። እጄ ደንዝዟል። ልጁ ጨክና ፈለቀቀችው እንዳይሉኝ ፈርቼ ተቀምጫለሁ። አንቺስ ምን አለ ብትገላግይኝ!"

የጎን አልጋዋ አስታማሚ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ዶክተሩ ግን አልሳቀም። ወደ አባቴ ጎንበስ አለና ጣቶቹን ከእህቴ እጅ ቀስ አድርጎ አላቀቀ፤ የራሱን ሁለት ጣት መዳፉ ላይ አሻሸ። አባቴ የዶክተሩን ጣት ጭብጥ አደረገ፤ ልክ እሷን እንደጨበጠው። ዶክተሩ አላቀቀና የብዕሩን ክዳን ሰጠው። ክዳኑንም ጨበጠ።

"አንጎል ሲጎዳ አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል" አለን። "መዳፍ ላይ የመጣውን ሁሉ እጁ በራሱ ይይዛል። ሰውየው አስቦ አይደለም። ጉዳቱ ሲሻለው ይተወዋል።"

እህቴን አየኋት። ፊቷ ላይ የነበረው ሁሉ ጠፋ። ከትናንት ጀምሮ ያንን እጅ ፍቅር ነው ብላ፣ ሽንቷን ይዛ ተቀምጣለች። እኔ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ በብዕር ክዳን ስቀና ውዬ አድሬያለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት አሳዝናኝ አታውቅም።

አዲስ መርፌ አወጣሁ። የግራ ክንዱን አሰርኩ፤ ደም ሥሩ ግን ጠፍቶ ነበር። እጁን አንቀሳቀስኩ፣ መታ መታ አደረግኩ፣ የለም። በየቀኑ ለስንቱ ሰው "እጅዎን ይጨብጡ" እላለሁ፤ ሲጨብጡ ነው ሥሩ የሚነሳው። አባቴን ጨብጥ ብለው አይሰማኝም። ይሄኔ ነው የገባኝ። "ነይ፣ እጅሽን መልሽለት" አልኳት እህቴን። መዳፉ ውስጥ አስገባች፣ ጨበጣት፣ ሥሩ ገመድ መስሎ ተነሳ። ለካስ ጠዋትም መልቀቅ አያስፈልጋትም ነበር! እጇ እዚያው እያለ፣ እንዲያውም እጇ እዚያ ስላለ፣ ሳልለምናት መቅዳት እችል ነበር። ስንት ዓመት የሠራሁበትን ሙያ ዓይኔ ቀልቶ አላየሁትም። ቀዳሁ። ደሙ ወፍራም፣ ጥቁር ቀይ ነበር።

ውጤቱ ወጣ። ነጭ ሴሉ ከመጀመሪያው ቀን በብዙ ጨምሯል፣ ሲአርፒውም ዘልሏል። ዶክተሩ ወረቀቱን አይቶ ወዲያው ደረቱን አዳመጠ፣ ራጅ አዘዘ። ሳንባው ተይዟል። መድኃኒቱ በዚያው ሰዓት ተጀመረ። አጎቴ የወንድማቸውን ጫማ መልሰው አልጋው ሥር አስቀመጡና ወደ ዛፉ ጠሩን። የእርቅ ምልክት የሆነውን ለምለም ሣር ከግቢው ነጭተው በሁለታችን መካከል ያዙ፣ በጋሞኛ መረቁን። እህቴ ሽንት ቤት ደርሳ ስለመጣች በደንብ አለቀሰች። እኔም።

እህቴ ሐዋሳ ደውላ ፈቃድ ጠየቀች፤ ሰኞ አልሄደችም። ተራ ገባን። በግራው በኩል እኔ ስቀመጥ እኔን ይጨብጠኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ዶክተሩ ያለውን እያወቅኩ፣ የብዕር ክዳኑንም አይቼ፣ ደስ ይለኝ ነበር። ዓይኔን ጨፍኜ ደስ ይለኝ ነበር። በየሁለት ቀኑ ደሙን እቀዳለሁ፣ ቁጥሩ ትንሽ ትንሽ ይወርዳል። ቁጥሩ ሲወርድ ጭብጡም ይላላል። መጀመሪያ እንዲሁ የመሰለኝ ነው ብዬ ነበር፣ ኋላ ግን ልብ አልኩት፤ አባቴ በተሻለው ቁጥር እጄን ቶሎ ይለቀዋል።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ሆስፒታል መጣሁ። እህቴም መጥታ በወዲያኛው በኩል ተቀምጣ ነበር፣ ሁለታችንም አባታችን በሠራልን ነጠላ። የጠዋቱ ደም ደርሶ ነጭ ሴሉ የጤነኛ ሰው ሆኗል። ዶክተሩ "አሁን እጅሽን ስጪው" አለኝ። መዳፉ ላይ አስቀመጥኩት። ጠበቅኩ። ጣቶቹ ተዘርግተው ቀሩ። ገፋ አደረግኩት፣ አሻሸሁት፤ ምንም። "እሰይ!" አለ ዶክተሩ፣ "ይኸውና ለቀቀ!" እህቴ አጨበጨበች። እኔ እንባዬን መያዝ አቃተኝ፤ ሁሉም የደስታ መስሏቸው ዝም አሉኝ።

እጄን ልሰበስብ ስል የአባቴ ግራ እጅ ተንቀሳቀሰ። በዝግታ፣ በራሱ ጊዜ፣ ማንም ምንም ሳያስይዘው። የነጠላዬን ጫፍ አገኘ። ጥለቱን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል አድርጎ አሸት አሸት አደረገው፣ ገበያ ላይ የሌላ ሸማኔ ሥራ ሲያይ እንደሚያደርገው። ከዳር እስከ ዳር ሄደበት፤ ሁለት ጣት ነው፣ ቶሎ አለቀ። ከዚያ ወደ እህቴ ነጠላ ዓይኑን አዞረ፣ ወደ እኔ መለሰው። አፉ ተጣሞ፣ ተወላግዶ፣ ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያውን ቃል በጋሞኛ ተናገረ።

ቀጭን ነው፣ አለኝ።

ነጠላዬን ከእጁ አልሳብኩም። "አዎ አባ፣ ቀጭን ነው" አልኩት።